የወለቀው በር

ሥራዬ መቁጠር ነው፤
መቀስ፣ መቆንጠጫ፣ ምላጭ በየስሙ፣
በደም እንደ ራሱ፤ ታጥበው፣ ተቀቅለው ትሪ ላይ ሲቆሙ።
ያፎ፣ ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣
እንፋሎት ፊቴን እየላሰው እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት።

ፎቅ ላይ፣ ሊፍቱ አጠገብ፣ የመስታወት ሣጥን አለ፤
ሁሉም ጥድፊያ ላይ ነውና ቆሞ ያየው የለ።
ውስጡ ያረጀ የእንጨት ማኅደር፣ ቀይ ከፈይ የለበሰ፣
አሥራ ዘጠኝ ጎድጓዳ፣ አሥራ ስምንት ብረት፤
አንዱ ቦታ ባዶ።
ሌላ ማን ይቆጥራል? እኔ ነኝ ያየሁት።

“ዶክተር ሄፍዚባ ታርቦክስ፣ ከሜይን፣ አሜሪካ”
ይላል ወረቀቱ፤ ሌላ ቃል የለውም።
የቀረውን ከመዝገብ ቤቷ ሲግሊት
በምሳ ሰዓት፣ ከደብተሯ ላይ፣ አነበበችልኝ።

የመርከብ ሸራ ሰፊ ነበር አባቷ፤
የማይፈታ ቋጠሮ አስተማራት ገና በልጅነቷ።
የሕክምና ትምህርት ቤቱ በር “ሴት አትገባም” አላት፤
ጦርነት ሲመጣ ግን ማንም አልጠየቃት።
እግር በሚቆረጥበት ድንኳን ፋኖስ ያዥ ሆና ገባች፤
ሐኪሙ በትኩሳት ሲወድቅ መጋዙን አንሥታ ቀጠለች።
ሰላም ሲሆን
ፋኖሱን መልሰው ሰጧት።

ዮናስ ሊኮበልል ከተሳፈረበት ወደብ
እሷ ኮብልላ ወረደች።
ወባ፣ አሸዋ፣ የብርቱካን አበባ ሽታ።
የጀልባ ቀዛፊ ሚስት ናዚራ ሦስት ዓመት አረገዘች፤
ሰፈሩ “ጂን ነው” አለ።
ሄፍዚባ ሆዷን ዳበሰችና
“በሩን ንቀሉልኝ” አለች።

ጠረጴዛ አልነበረማ!
በሩን ከማጠፊያው አውልቀው በሁለት በርሜል ላይ አጋደሙት፤
ናዚራን በላዩ አስተኟት።
ሐኪሟ እጇን እስከ ክርኗ በሚለበልብ መድኃኒት አጠበች፤
ደግማ አጠበች።
ከቆንስላው የመጣው ሐኪም በመስኮት እያየ ሳቀ።

እዚህ ላይ ነው ምግቤን የተውሁት።
አባቴ ወገራ ውስጥ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤
ገበያ ውሎ ሲመለስ ወንዝ ወርዶ ሳይታጠብ
ደጃፋችንን አይረግጥም ነበር።
“አትንኩኝ” ብለው ሰደቡን፤ መታጠባችንን ስም አወጡለት።
አሁን ቀዳጁ ሐኪም በኮሪደሬ ሲያልፍ፣
ሁለት እጁን ወደ ላይ ይዞ፣ ውሃው በክርኑ እየተንጠባጠበ፣
“አትንኩኝ” ሲል
ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅለታል።

ዕጢው በዓሣ ሚዛን አሥራ አራት ኪሎ ሆነ።
ናዚራ በሁለተኛው ወር ውሃ ቀዳች።
በሩም ታጥቦ ወደ ቦታው ተመለሰ፤
ከጋዛ፣ ከናብሉስ፣ ከጽፋት በአህያ የመጣ ሁሉ
በየደረሰበት በር አስነቀለ።

ከዚያ ሲግሊት አንድ ገጽ ላይ ዝም አለች።
“ምነው?” አልኋት።

“ሱልጣና፣ የሀያ ስድስት ዓመት።
በሦስተኛው ቀን ሞተች።
ደግሜ ከፈትሁ። መቆንጠጫው እዚያ ነበር።
በአሥራ ዘጠኝ ገብቼ በአሥራ ስምንት ወጣሁ።
አልቆጠርሁም።”

የሚቀጥለው ገጽ ባዶ ነው።
ከሱ ወዲያ ግን፣ ሀያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣
ከበሽተኛው ስም በፊት ቁጥር አለ፤
ሲገባ ይህን ያህል፣ ሲወጣ ይህን ያህል።
ጮክ ብላ ትቆጥር ነበር፤
ረዳቷ በዐረብኛ ይደግምላት ነበር።

“ብረቱ ጠፍቶ ይሆናል” አለች ሲግሊት።
እኔ ግን ከሱልጣና ጋር ተቀብሯል እላለሁ፤
ወይም ባሕር ውስጥ ነው።
እንጃ። የሐኪሟንም መቃብር የሚያውቅ የለም።

ዛሬ ማታ የመጣልኝ ትሪ አርባ አንድ ብረት ነበረበት።
በዕብራይስጥ ፈረምሁ፤
የምቆጥረው በአማርኛ ነው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።
አለቃዬ ፊሊክስ “ማሽኑ ይቆጥር የለ እንዴ?” ይለኛል።
ይቁጠር።

አርባ ላይ ቆምሁ።
እንደገና፤ ከአንድ።